የእድሩ ኮምፒዩተርና የእንድሪስ ጡሩንባ

«የእንድሪስ ጡሩንባ መብረቅ አይፈራም ነበር» አለች አሰፋች፣ ጀርባዋን ለባሏ ሰጥታ ሻይ እየቀዳች። እሁድ ጠዋት ነው፤ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ባሏ ገብረሕይወት፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ በሕይወቱ አንድ ፋይል ጠፋብህ ተብሎ የማያውቅ ሰው፣ በፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተገትሯል። ኮምፒዩተሩ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል። በሰማያዊው ላይ ሁለት ነጥብ ዓይን ያለው፣ አፉን ወደ ታች የደፋ ፊት ትክ ብሎ ያየዋል። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ገብረሕይወት ሦስት ጊዜ በመነጽር፣ አንድ ጊዜ ያለ መነጽር አንብቦታል፤ ፍሬ ነገሩ «ችግር ገጥሞኛል» የሚል ነው። «አንተን ብቻ መሰለህ!» አለው ገብረሕይወት በሆዱ።

ችግሩ እንዲህ ነው። እማማ ዘነቡ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። የወንድማቸው ልጅ ሳሊሀ በር አንኳኩታ «ጋሼ፣ እማማ ሄዱ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ኮልፌ ነው፤ ለሰው ይንገሩልን» ብላ እንባዋን እየጠረገች ተመልሳለች። ለሰው መንገር ማለት የእድሩን አንድ መቶ አርባ ሦስት ቤት መጥራት ነው። ድሮ ቢሆን አንድ መቶ አርባ ሦስቱም ከጊዮርጊስ ጀርባ እስከ ወርቅ ቤቶቹ ድረስ ተደርድረው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚል ሰፈር ነበር። አሁን ሰፈሩ ተነስቶ ግማሹ ቱሉ ዲምቱ፣ ሩቡ አያት፣ የቀረው ጀሞና ገላን ገብቷል። የሁሉም ስም፣ አዲስ አድራሻና ስልክ ያለው እዚህ ሰማያዊ ነገር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እማማ ዘነቡ ደግሞ በስልሳ ዓመት ውስጥ ያልተቀመጡበት የለቅሶ ድንኳን የለም፤ የክርስቲያኑም ሆነ የሙስሊሙ። ፍርሃታቸው አንድ ነበር፤ «ሰው ተበትኖ፣ እኔ ያለ ሸኚ እንዳልሄድ» ይሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት እንኳ የገብረሕይወትን እጅ ጭምድድ አድርገው ይዘው «ጸሐፊው፣ አደራህን» ብለውታል። እሱም ኮምፒዩተሩን እየጠቆመ «እማማ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለልዎት፤ ምን አሳሰበዎት» ብሎ ተኩራርቶ ነበር። ምነው አፉን በቆረጠው!

ኮምፒዩተሩ ስምንት ወር ሙሉ «አድሱኝ» ሲል ከርሟል። ገብረሕይወት «በኋላ» የሚለውን እየተጫነ ሲሸኘው ኖሮ ትናንት ከሰዓት ኅሊናው ወቀሰው። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ አንድ ጉዳይ ስምንት ጊዜ ማስታወሻ ከተጻፈበት መልስ ይሰጠዋል፣ ወግ ነው። ስለዚህ «እሺ» የሚለውን ተጫነ፤ በደብተሩም ቀንና ሰዓቱን አስፍሮ «ተፈቅዷል» ብሎ ፈረመ። እድሳቱ ሃያ ሰባት በመቶ ሲደርስ የነሐሴ ሰማይ አጉረመረመ። ገብረሕይወት በዚያች ደቂቃ ግቢው ጥግ ካለው የጋራ ሽንት ቤት ነበር። አሰፋች በቤቷ ሕግ መሠረት የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁን፣ የኮምፒዩተሩን ሶኬት በተራ ነቃቀለች። ከዚያም ኮምፒዩተሩን ትኩሳቱ ሳይበርድ ዳንቴሉን አለበሰችው። ስክሪኑ ላይ «እንዳታጠፉኝ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ?» አለች በኋላ ስትጠየቅ፤ «መብረቅ ሲመጣ ሶኬት ይነቀላል። እናቴም ያስተማረችኝ እንዲሁ ነው።» እናቷ ቤት መብራት የገባው እናቷ ከሞተች በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ገብረሕይወት ግን ይህን ለመናገር አልደፈረም።

የገብረሕይወት ስልክ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ናት። ውስጧ አሥራ አንድ ቁጥር አለ፤ ከአሥራ አንዱ የእድሩ ሰው ሦስት ብቻ ነው፤ ከሦስቱም አንደኛው የራሳቸው የእማማ ዘነቡ ነው። ለእድሩ ሰብሳቢ ለሲሞን ደወለ። ለገንዘብ ያዡ ደወለ። ሦስተኛውን ቁጥር በቃሌ አስታውሳለሁ ብሎ ሲደውል አዳማ ያለ የማያውቀው ሰው አነሳው። ሰውየው ጨዋ ኖሮ «ውይ፣ ነፍስ ይማር! ስንት ዓመታቸው ነበር? ልጅ አላቸው?» እያለ ካርዱን ጨረሰበት። ከአንድ መቶ አርባ ሦስት ቤት ሁለት ቤትና አንድ የአዳማ ሰው!

«እንድሪስን ጥራው» አለች አሰፋች። እሱ ያልነካውን ሻይ ወደ ጎን ገፋው። እንድሪስ ለሠላሳ አንድ ዓመት የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ነበር። አምና በጠቅላላ ጉባኤው ገብረሕይወት ተነስቶ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፤ ጡሩንባ ቱሉ ዲምቱ አይደርስም» የሚል ንግግር አደረገና ተጨበጨበለት። ለእንድሪስ አንድ ጋቢና አንድ ጃንጥላ ተሰጠው፤ ቆሞ አመሰገነ፤ በዚያው ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጭር ነው። እንድሪስ ጃንጥላውን አንድ ቀን ዘርግቶት አያውቅም፤ ዝናብ እየደበደበው ያልፋል እንጂ። ገብረሕይወት ያን ባየ ቁጥር አንገቱ ኮቱ ውስጥ ይገባል።

«አሠራዋለሁ» አለና ተነሳ። የኮምፒዩተሩን ዋና ሳጥን ነቃቅሎ፣ ካፊያ እንዳይነካው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከላይ ዳንቴሉን ደርቦ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። ጊዮርጊስ በር ላይ ነጠላ ያጣፉ አንዲት ሴትዮ ከፊቱ ቆመው በሐዘን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ታሞ ነው?»

«አዎ እናቴ፣ ታሟል» አለ ገብረሕይወት፤ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስምንት።»

«እንዴት ቀጭጯል በሞቴ!» አሉና ዳንቴሉን በመስቀላቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ድፍን ሃምሳ ብር ከብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ሸጎጡለትና «ጠበል ሞክሩለት» ብለው ሄዱ። ገብረሕይወት ብሩን እንዳይመልስ ሴትዮዋ ራቁበት፤ እንዳይወስድ ነውር ሆነበት። ዞሮ ለመጀመሪያው የኔ ቢጤ ሰጠው፤ ይህን እንኳ ያለ ደረሰኝ በመሆኑ ቅር እያለው።

ፒያሳ እሁድ ጠዋት ማኪያቶ የሚጠጣ እንጂ ኮምፒዩተር የሚጠግን አይገኝባትም። አንዱ ቤት ተዘግቷል፤ ሁለተኛው ወደ ቡቲክነት ተለውጧል፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ አጥር ብቻ ቀርቷል። አንድ ቤት ክፍት እንደሆነ ገብረሕይወት ከቤቱ ሲወጣም ያውቃል። ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ፣ ከወርቅ ቤት ጎን፣ ከደረጃ ሥር ያለችው ቤት ናት። ባለቤቷ ሰዓዳ ትባላለች፤ እጇ ወርቅ ነው ይሏታል። ችግሩ የእንድሪስ ልጅ መሆኗ ነው። አንድ ጊዜ አለፋት። ተመልሶ አለፋት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ ገብረሕይወት፣ ሰዓት ሆኑ እንዴ የሚዞሩት? ይግቡ እንጂ!»

ገባ። ሰዓዳ ሻርፗን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጋ፣ ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ሳጥኑን ፈታችው። ከውስጡ አንድ እፍኝ ብናኝ ዱብ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒዩተር ነው ፍራሽ?» አለች። ገመድ ሰካች፣ ነካካች፣ አዳመጠች። ከዚያ በጣም በጨዋ፣ በቀዘቀዘ አነጋገር አስረዳችው። እድሳት ሲባል አሮጌውን አፍርሶ በቦታው አዲሱን መገንባት ነው፤ አፍርሶ አፍርሶ ሊሠራ ሲል ሶኬቱ ተነቀለበት፤ አሁን አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። «እንደ ሰፈራችን» አለ ገብረሕይወት ሳያስበው። ሰዓዳ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው።

«ባክአፕ አለዎት? ቅጂ ማለቴ ነው።»

«እንዴት አይኖረኝም!» አለ ገብረሕይወት ደረቱን ነፋ አድርጎ። «የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። በሦስት ቅጂ ነው የያዝኩት።»

«የት የት ነው ያሉት?»

«እዚያው ውስጥ።»

ሰዓዳ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ዝርዝሩ አልጠፋም፤ ማውጣት ይቻላል አለች፤ ግን ዕቃው አርጅቷል፣ ቶሎ ቶሎ ካሉት ጭራሽ ይሰናበታል፣ ስለዚህ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ገብረሕይወት ወንበሩ ላይ፣ ዳንቴሉ ላይ፣ ቁጭ አለ። በአሥራ አንድ ሰዓት እማማ ዘነቡ አፈር ለብሰው ያልቃሉ። ሬሳቸውን ሳሊሀና ሁለት ጎረቤት ብቻ ተከትለውት ታየው፤ ያ ጭምድድ አድርጎ የያዘው እጅ እጁ ላይ ተሰማው። «አደራ በላ ሆንኩ» አለ።

ሰዓዳ ይህን ስትሰማ መፍቻዋን አስቀመጠች። «አባቴ ቤት አለ» አለች ቀስ ብላ።

«በምን ፊቴ እሄዳለሁ ልጄ?» አለ ገብረሕይወት፣ ዳንቴሉን ከሥሩ ስቦ ኪሱ እየከተተ።

«በዚሁ ፊትዎ ነዋ፤ ሌላ አለዎት እንዴ?» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። «ሒሳብ ደግሞ እንዳይጠይቁኝ። ለእማማ ዘነቡ ነው የምሠራው። ለእርስዎ ቢሆን ሦስት ሺህ ብር ነበር።»

የእንድሪስ ቤት ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ከሰፈሩ ከተረፉት ጥቂት ክፍሎች አንዷ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የመካ ሥዕል፣ ከሱ ፈንጠር ብሎ በምስማር የተሰቀለ ጡሩንባ አለባት። ጡሩንባው አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ተሸፍኗል። ጃንጥላው ከነ ፕላስቲኩ በር ጥግ ቆሟል። እንድሪስ የለቅሶ ኮቱን ለብሶ፣ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ እየቆጠረ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሰምቷል ማለት ነው። ገብረሕይወት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳ አየ፤ ጣራ አየ፤ ጡሩንባውን ግን ላለማየት ታገለ። ሙስበሃው ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ስንት ሰው ነገርክ?» አለ እንድሪስ በመጨረሻ።

«ሦስት። አንዱ የአዳማ ሰው ነው።»

«ማን ነው የአዳማው?»

«አላውቀውም። ግን በጣም አዝኗል።»

እንድሪስ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ሁለት ጊዜ ነጠረ። ገብረሕይወት የሳቀ መሰለውና ልቡ መለስ አለች። ያኔ ያመቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣው። «እንድሪስ፣ በድዬሃለሁ። ያን ቀን ንግግር ያደረግኩት ስለ እድሩ አስቤ አይደለም፤ ጭብጨባ አምሮኝ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ጉድ ሠራኝ፤ የእማማን አደራ በላሁ። ጡሩንባህን ንፋልኝ።»

«ጡሩንባ ቱሉ ዲምቱ አይደርስም፤ ራስህ ነህ ያልከው፤ ደግሞ ልክ ነህ» አለ እንድሪስ። «አብሽር፣ ተረጋጋ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ቤት የነፋሁ ይመስልሃል? ጉሮሮዬ የሰው ጉሮሮ እኮ ነው! ሰባት ቦታ ብቻ ነበር የምቆመው። በሰባቱም ቦታ ወሬ ሆዱ የማያድር አንድ ሰው አለ። እኔ ለሱ እነፋለሁ፤ የቀረውን እሱ ይነፋዋል። ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ እነሱ መች ፈረሱ? የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ሲወጣ አላህ በየሳይቱ አንዳንድ አድርጎ ዘራቸው።»

ከትራሱ ሥር ሰዓዳ የሰጠችውን ስልክ አወጣ። እንድሪስ ፊደል አልቆጠረም፤ ልጁ በየሰዉ ስም ፈንታ ሥዕል አድርጋለታለች። ቱሉ ዲምቱ ላለችው ለለተሚካኤል ጡሩንባ፣ አያት ላለው ለአብዱልሙሀይሚን አውራ ዶሮ ተሥሎላቸዋል። «አንተ ጸሐፊው ነህ፤ አንተ ተናገር። እኔ ጡረታ ላይ ነኝ» ብሎ ስልኩን አቀበለው። ለተሚካኤል አነሳች። ገብረሕይወት «እማማ ዘነቡ...» ከማለቱ «እሪ! በቃ ሄዱ?» ብላ ጮኸችና ሰዓቱንና ቦታውን ሰምታ ጠረቀመችበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የገዛ ስልኩ ጮኸች። ከቱሉ ዲምቱ አንድ የማያውቀው ቁጥር ነው፤ «ጋሼ ገብረሕይወት፣ ጉድ ሳይሰሙ! እማማ ዘነቡ አርፈዋል፤ ቀብሩ ከዐስር በኋላ ኮልፌ ነው። እርስዎ ጸሐፊ ሆነው እስካሁን ዝም ይላሉ?» ገብረሕይወት ወቀሳውን በደስታ ተቀበለ።

ስድስቱ እንዲህ እያሉ አለቁ፤ ቀሪው የጀሞው ወልደጊዮርጊስ ነው። ከስሙ ፈንታ ትልቅ ጓጉንቸር ተሥሏል። «ይሄኛው ተንኮል አለው» አለ እንድሪስ ጠጋ ብሎ። «ዝም ብለህ ብትነግረው ለሚስቱም አይተነፍስ። 'ለማንም እንዳትናገር' ማለት አለብህ።»

«ሞት እኮ ነው! እንዴት ለማንም አትናገር እላለሁ?»

«ጀሞን ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ገብረሕይወት «በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቴ አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽቼ አላውቅም» ማለት ይወዳል። አማተበና ደወለ። «ወልደጊዮርጊስ፣ እማማ ዘነቡ አርፈዋል። ቀብሩ ከዐስር በኋላ ኮልፌ ነው። ግን... ለማንም እንዳትናገር።»

«ለምን?» አለ ወልደጊዮርጊስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንድሪስ በሁለት እጁ እያራገበ «ምክንያት እንዳትሰጠው! ምክንያት እንዳትሰጠው!» እያለ ያንሾካሽካል።

«እሱን አልነግርህም» አለ ገብረሕይወትና ዘጋው። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና፣ ሬሳ ሳይወጣ፣ ነውር መሆኑን እያወቁ፣ አፋቸውን በጋቢ አፍነው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ኮልፌ ያን ቀን ለሰው ጠበበ። ቱሉ ዲምቱ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ መጣ። ጀሞዎቹ በሦስት ሚኒባስ ደርሰው «አንተም ሰማህ እንዴ? ምስጢር ነው ብሎኝ ነበር እኮ» እየተባባሉ ይደነቃሉ። አንድ ማንም የማያውቀው ጥቁር ኮት የለበሰ ሰውም ነበር፤ በኋላ ሲጠየቅ ከአዳማ ነው አለ። እማማ ዘነቡን ሰው በትከሻው እየተሻማ ተሸከማቸው። ገብረሕይወት ጥግ ቆሞ አየ። «ይኸው እማማ፤ ይኸው ሰው» አለ፤ ከዚያ መሐረብ ፈልጎ ከኪሱ ያወጣው የኮምፒዩተሩን ዳንቴል ነበር፤ በእሱው እንባውን ጠረገ።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳን ገብቶ ንፍሮ እየቆረጠመ ሳለ ሰብሳቢው ሲሞን ጉሮሮውን ጠራረገና ተነሳ። «ወገኖቼ፣ ዛሬ በግማሽ ቀን ከአራት ማዕዘን እንዲህ የተሰባሰብነው በምን ይመስላችኋል? በኮምፒዩተር ነው! አምና ጸሐፊያችን ሲናገር በሆዳችሁ የሳቃችሁ ዛሬ ምን ትሉ? ቴክኖሎጂ ማለት ይሄ ነው!» ጭብጨባ በለቅሶ ቤት ነውር ባይሆን ይጨበጨብ ነበር። ራስ ሁሉ ወደ ገብረሕይወት እየዞረ ነቀነቀለት። እንድሪስ ከድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጦ የንፍሮውን ሽንብራ ከስንዴው ይለያል፤ ቀና አላለም። ገብረሕይወት ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እንድሪስም አይናገርበትም፤ ይህን ማወቁ ነው የቆረቆረው። ብድግ አለ።

«ኮምፒዩተሩ ትናንት ከሰዓት ሞቷል» አለ። «ሚስቴ ሶኬቱን ነቅላው ሞተ። እናንተን የጠራችሁ እንድሪስ ነው። እኔን አምና አጨብጭባችሁልኛል፤ ለሱ ግን ጃንጥላ ሰጠነው።» ይህን ብሎ ተቀመጠ። ከሴቶቹ በኩል የአሰፋች ድምፅ «መብረቅ ነበር!» ሲል ተሰማና ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

ልክ ያን ጊዜ ሰዓዳ ደረሰች። ሳጥኑን አቅፋለች፤ በሌላ እጇ አራት ገጽ ወረቀት ይዛለች። ሳጥኑን ከገብረሕይወት እግር ሥር አስቀመጠች፤ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። «ይሄ ቅጂ ይባላል ጋሼ፤ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ነው የሚኖረው» አለች። ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ መቶ አርባ ሦስት ሰው፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አባቴን ፈልጌ አጣሁት። በእድሳቱ ነው የጠፋው?»

ገብረሕይወት የት እንደጠፋ ያውቃል። ጡሩንባ ነፊ መዋጮ አይከፍልም፤ አባልነቱ ከሥራው ጋር ነው። ሥራው ሲቆም፣ በአሠራሩ መሠረት፣ ገብረሕይወት በገዛ ጣቱ መስመሩን አጥፍቶ፣ ቀንና ሰዓቱን መዝግቦ፣ «ተሰርዟል» ብሎ ፈርሞበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ሞት ሲናገር የኖረ ሰው ቢሞት የሚነገርለት አልነበረም። ይህን ሰዓዳ ገና ዛሬ ጠረጠረች፤ እንድሪስ ግን ከአምና ጀምሮ የሚያውቅ ይመስላል፤ አሁንም ሽንብራውን ይለያል።

ገብረሕይወት ብዕሩን አወጣ። በሕይወቱ ከተራ ውጭ ጽፎ የማያውቀው ሰው ከተራ ቁጥር አንድ በላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ «እንድሪስ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ወረቀቱን ይዞ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስልክህን ንገረኝ» አለው።

እንድሪስ ወረቀቱን አየ፤ ማንበብ ባይችልም ከሁሉ በላይ የተጻፈውን ለየው። «አንተ ሰው፣ የሞትኩ ዕለት የምትደውለው ለእኔው ነው?»

ገብረሕይወት ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። «ታዲያ ለማን ልደውል?»

«ለለተሚካኤል ደውል፤ ቱሉ ዲምቱ ያልቅልሃል። ከዚያ ለአብዱልሙሀይሚን።» አንድ ሽንብራ አነሳና ለገብረሕይወት እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ለወልደጊዮርጊስ ደግሞ፣ ለማንም እንዳትናገር በለው።»

ገብረሕይወት ይህንኑ ከስሙ ጎን ቃል በቃል ጻፈ፤ ቀንና ሰዓቱን ጨምሮ ፈረመበት።